አንዱ እግር ወጥቶ አንዱ ሲቀር፦ ከቅልጥም ስብራት በኋላ የውሃ ስኪ ባይንዲንግ ምርጫ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። ለ15 ዓመት ያህል በአንድ ስኪ፣ በስላሎም ስንሸራተት ኖሬያለሁ፤ ግራ እግሬ ከፊት ነው። ከአስር ወር በፊት የጀልባውን ሞገድ ስሻገር የስኪው አፍንጫ ውሃ ውስጥ ተቀበረና ወደ ፊት ተወረወርኩ። የኋላ እግሬ ወጣ፤ የፊቱ አልወጣም። ቅልጥሜ ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ተጠምዝዞ ተሰበረ። አሁን አጥንቱ ውስጥ ረጅም የብረት ዘንግና የሚይዙት ብሎኖች አሉ። ሐኪሜ ‹አጥንቱ ገጥሟል፣ ወደ ስፖርትህ ተመለስ› ብሎኛል። ያኔ ሁለቱም እግሮቼ ላይ የነበረው ጥብቅ የጎማ ባይንዲንግ (እግርን ስኪው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ) ነው። አንዱ ጓደኛዬ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚለቅ ደረቅ፣ ማለትም የማይታጠፍ ጠንካራ፣ ቡት ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ደረቅ ቡት ጉልበትህን ይጨርሰዋል ይላል። ማንን ልስማ? አሮጌውንስ በሳሙና እያንሸራተትኩ ልጠቀምበት?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኞችዎ የሚከራከሩት ስለ ቡቱ ድርቀት ነው። ቅልጥምዎ እንዴት እንደተሰበረ ግን እርስዎ ራስዎ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፈውታል፦ የኋላው ወጣ፣ የፊቱ አልወጣም። እኛም ከዚያው እንነሳ።

ለአዋቂ የሚሆን የስላሎም ስኪ ርዝመቱ ወደ 170 ሳ.ሜ. ይጠጋል። ሁለቱም እግሮች ላዩ ላይ እስካሉ ድረስ ስኪው ልዙር ሲል ሁለት እግር ተጋግዞ ይይዘዋል። አንዱ እግር ሲወጣ ያ ሁሉ ርዝመት በቀረው እግር ጫፍ ላይ እንደተገጠመ የብሎን መፍቻ ይሆናል። ውሃው ስኪውን ወደ አንድ ጎን ይይዛል፣ በጀልባው ፍጥነት የተወረወረው ሰውነት ወደ ሌላው ይዞራል፣ መሃል ላይ ያለው ቅልጥም እንደ ጨርቅ ይጨመቃል። እንዲህ ያለ ጥምዘዛ የሚተወው ስብራት ጠመዝማዛ ነው፤ የእርስዎም ይኸው ነው። ሁለቱም እግሮች ሳይወጡ ስኪው ድንገት ሲቆም ደግሞ ጉዳቱ መልኩን ይቀይራል። ጉልበት ወደ ፊት ሲሄድ ተረከዝ መነሳት ስለማይችል ቁርጭምጭሚቱ ከልኩ በላይ ይታጠፋል፤ የተረከዝ ጅማት ይበጠሳል፣ ወይም የእግር መሃል አጥንቶች ከቦታቸው ይላቀቃሉ።

የቡቱ ድርቀት የሚወስነው ይህ ኃይል የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ለስላሳ ቡት ቁርጭምጭሚት እንዲታጠፍ ስለሚፈቅድ ዋጋውን የሚከፍለው ቁርጭምጭሚቱና ጅማቱ ነው። ደረቅ ቡት ቁርጭምጭሚቱን ያድናል፤ ነገር ግን ማላቀቂያው በሰዓቱ ካልተከፈተ ኃይሉ ቡቱ ወደሚያልቅበት ወደ ቅልጥም፣ ከዚያም ወደ ጉልበት ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ጓደኛዎ ያለ ምክንያት አልፈራም። ስጋቱ የሚይዘው ግን የማይከፈት ደረቅ ቡት ላይ ነው፤ በአግባቡ የተስተካከለውን አይመለከትም።

አንድ ባይንዲንግ ሲያዩ ሦስት ነገር ይጠይቁ። እግሬ በየትኛው አቅጣጫ ስገፋ ይለቀኛል? ያኛው እግሬ አብሮ ይወጣል ወይስ ይቀራል? ዛሬ በለቀቀኝ መጠን ነገም ይለቀኛል? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ብዙ መዘዝ ያለውም እሱ ነው።

ወደ ዓይነቶቹ እንግባ። የጎማ ባይንዲንግ፣ ዋይሊስ የመሳሰሉት የሚሠሩት፣ እግርን የሚይዘው በመለጠጥና በሰበቃ ብቻ ነው። አዲስ ሲሆን ይጠብቃል፣ ፀሐይ ሲበላው ይደርቃል፣ ተረከዙ ጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ድንገት ይላላል። የፊቱና የኋላው እኩል አያረጁም፤ አንዱ ቀድሞ የሚለቀውም ከዚህ የተነሳ ነው። ለእርስዎ ሌላም ችግር አለው። ጥብቅ ጎማ ለመልበስ እግርን እያዟዟሩ መጎተት ግድ ነው። ዘንግ ያለበትን ቅልጥም ገና ውሃ ሳይገቡ ያጠማዝዙታል ማለት ነው።

ባለ ክር ለስላሳ ቡት፣ ለምሳሌ ራዳርና ኤች ኦ የሚሠሩት ዓይነት፣ ምላሱ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት እግር ሳይታገል ይገባል። አብዛኞቹ ክሩን በሁለት ክፍል እንዲያጠብቁ ያስችላሉ። የታችኛው የእግሩን ጀርባ ይይዛል፣ የላይኛው ቁርጭምጭሚቱን። ደህንነቱ የሚገኘው ከዚህ ልዩነት ነው፦ ታችኛው እግር ወዲያ ወዲህ እንዳይል ያህል ይጠብቅ፣ ላይኛው ተረከዝ እንዲነሳ ያህል ይላላ። ጉድለቱ ሰው በየቀኑ በስሜቱ ስለሚያጠብቀው ልኩ መዋዠቁ ነው። በተለይ ሞገዱ ላይ ከተናወጠ በኋላ «ትንሽ ላጥብቀው» የማይል ጥቂት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትክክለኛውን ልክ ካገኙ በኋላ ክሩ መቆለፊያው ጋ በሚደርስበት ቦታ ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ልኩን የሚወስነው ምልክቱ ይሁን። ቀዶ ጥገናው የእግርዎን የቆዳ ስሜት አደንዝዞት ከሆነ ይህ ምልክት ግዴታ ነው፤ የደነዘዘ እግር መጥበቁን አይነግርዎትም።

በሞላ የሚለቀው ደረቅ ቡት፣ ሪፍሌክስን ዓይነቱ፣ ከፊት በብረት ይያዛል፣ ከኋላ ደግሞ ተረከዙ ላይ ባለ ሞላ ይቆለፋል። ተረከዙ በተወሰነ ኃይል ወደ ላይ ሲሳብ ሞላው ይከፈትና ቡቱ ከነእግሩ ይወጣል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ የሚለቅበት መጠን ከእግር እርጥበትም ከክር ጥብቀትም ጋር አይያያዝም፣ በቁጥር ይስተካከላል። ድክመቱንም ይወቁ። የተሠራው በዋናነት ተረከዝ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ማለትም ወደ ፊት ለሚደረግ አወዳደቅ ነው። ተረከዝ ሳይነሳ በሚመጣ ንጹሕ ጥምዘዛ ወይም ወደ ኋላ በሚደረግ አወዳደቅ ያን ያህል አይረዳም። በዝግታ አወዳደቅም እንዲሁ፤ ለፍጥነት የተስተካከለ ሞላ ቀስ ብሎ የሚመጣን ኃይል ዝም ብሎ ሊይዘው ይችላል።

አራተኛው ሁለቱን ቡቶች በአንድ ፕሌት (ጠፍጣፋ መሠረት) ላይ አስሮ ፕሌቱ በሙሉ ከስኪው እንዲላቀቅ የሚያደርገው ነው። ጉድ የሚባለው አምራች ለዚህ የሚጠቀምበት ዱዋል ሎክ የተባለ ማያያዣ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው የፕላስቲክ ራሶች አሉት፤ ሁለት ፊቶች ሲጫኑ ይቆላለፋሉ። «ወይ ሁለቱም ወይ አንዳቸውም» የሚለውን ሕግ ከሁሉ በላይ የሚያሟላው ይህ ነው። ነገር ግን የሚይዝበት ኃይል በሚነካካው ስፋት፣ በራሶቹ ብዛትና በንጽሕናቸው ይወሰናል። አሸዋ ከገባበት ያለጊዜው ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ተላቆ ራሶቹ የተደፈጠጡበትም እንዲሁ። አዲስና ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ከወደቁ በኋላም ሁለቱ እግሮችዎ ፕሌቱ ላይ እንደታሰሩ ስለሚቀሩ መዋኘት ያስቸግራል፤ የሚያንሳፍፍ ጃኬትና ቶሎ የሚመለስ ጀልባ የግድ ነው።

ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱበት ነገር እዚህ አለ። በሰበቃ በሚሠራ ባይንዲንግ ቡቱን ማላላት እግርን ነፃ ያወጣል። በማላቀቂያ በሚሠራ ግን ቡቱን ማላላት አደጋ ይጨምራል። በአንድ ፕሌት ላይ አንዱ ቡት ከላላ ፕሌቱ ሳይላቀቅ ያ እግር ብቻውን ሾልኮ ይወጣና ሌላው ታስሮ ይቀራል፤ ያው የእርስዎ ስብራት በአዲስ ዕቃ ተደገመ። ሞላ ባለው ቡት ውስጥም ተረከዝ ከተንሸራተተ ሞላውን የሚስበው ኃይል በሰዓቱ አይደርስም። ማላቀቂያ ያለው ቡት ውስጡ በደንብ ይጠብቃል፣ የሚለቀው ማላቀቂያው ብቻ ነው።

ሁለቱን ዓይነት ማደባለቅ ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ከፊት በሞላ የሚለቅ ቡት፣ ከኋላ ጥብቅ ጎማ ማድረግ የከፋው ነው፤ የፊቱ ሲከፈት የኋላው እግር ብቻውን ስኪውን ይሸከማል። ከፊት ጥብቅ ጎማ፣ ከኋላ የላላ ማስገቢያ ማድረግም ያው ነው፣ የሚሰበረው እግር ብቻ ይቀየራል። ተረከዝ የሌለውን የኋላ ማስገቢያ፣ ማለትም የእግሩን ፊት ብቻ በማንገቻ የሚይዘውን፣ ከለስላሳ ባለ ክር ቡትም ሆነ በሞላ ከሚለቅ የፊት ቡት ጋር ማዋል የተለመደና ተቀባይነት ያለው ነው። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ ፊተኛው በእውነት የሚለቅ መሆን አለበት። ማስገቢያው በጣም ከላላ የኋላው እግር እያንዳንዱ ሞገድ ላይ ይዘልላል። ጣቶችዎን እስከ መጨረሻው ካስገቡ በኋላ ማንገቻው እግርን በመዞሪያ ላይ ይያዝ፣ እግር ወደ ኋላና ወደ ላይ ሲጎተት ብቻ ይውጣ።

እንግዲህ ለእርስዎ የምንመርጠው ይህ ነው። ለመጀመሪያው ወቅት ከፊት ባለ ክር ለስላሳ ቡት፣ ከኋላ ተረከዝ የሌለው ማስገቢያ። ምክንያታችን ሦስት ነው፤ ሲለብሱትና ሲያወልቁት ቅልጥምን አያጠማዝዝም፣ በዝግታ በሚደረግ አወዳደቅም ይለቃል፣ የሚበላሽ ሞላ ወይም የሚቆሽሽ ማጣበቂያ የለውም። ጓደኛዎ የሚለውን ደረቅ ቡት ጨርሶ አይጣሉት። በሰዓት 55 ኪ.ሜ. ወደሚሄድ ጀልባ ሲመለሱና ገመድ ማሳጠር ሲጀምሩ ኃይሉ ሌላ ነው፤ ያኔ በአንድ ፕሌት የሚላቀቀው፣ ወይም ሞላ ያለው የፊት ቡት ከተረከዝ አልባ የኋላ ማስገቢያ ጋር፣ ከለስላሳው ይሻላል ብለን እናምናለን። ዛሬ ግን አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት ወደ ሐኪምዎ ይዘዋቸው የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ። «ወደ ስፖርት ተመለስ» ሲባል ሐኪሙ በሐሳቡ ያየው ሩጫ ሊሆን ይችላል። በራጅ ላይ ከአራቱ የአጥንቱ ጎኖች ቢያንስ ሦስቱ በአዲስ አጥንት ተያይዘዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። ለጥምዘዛ ተፈቅዷል ወይ? ዘንጉና ብሎኖቹ ይቀራሉ ወይስ ይወጣሉ? ይወጣሉ ከተባለ የሚተዉት ቀዳዳ እስኪሞላ ድረስ አጥንቱ በዚያ ቦታ ስለሚደክም ስኪውን ከማውጫው ቀዶ ጥገና በኋላ ማዘግየት ያስፈልጋል፤ ስንት ሳምንት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን።

ቁርጭምጭሚትዎን ደግሞ ቤት ውስጥ ይለኩ። ግድግዳ ፊት ለፊት ይቁሙ፣ ትልቁን ጣት ከግድግዳው 10 ሳ.ሜ. ያርቁ፣ ተረከዝ ሳያነሱ ጉልበትዎን ወደ ግድግዳው ያስጠጉ። ከነካ ጥቂት እያራቁ ይድገሙ። የግራው ከቀኙ ከ2 ወይም 3 ሳ.ሜ. በላይ ካነሰ ገና ነው። የማይታጠፍ የፊት ቁርጭምጭሚት ጉልበት ወደ ፊት እንዲሄድ አይፈቅድም፤ መቀመጫዎ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወገብዎ ይታጠፋል፣ ወገቡ የታጠፈ ሰውም ሞገዱ ላይ በገመዱ ተስቦ በግንባሩ ይወርዳል። ያለፈው አወዳደቅዎ የዚሁ ዓይነት ነበር። ቅልጥሙ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ ያልዳነ ሰው ምንም ዓይነት ባይንዲንግ ቢገዛ መንስኤውን ይዞ ነው ውሃ የሚገባው። በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳትንና በአንድ እግር መዝለልንም ከፊዚዮቴራፒስትዎ ጋር ሆነው በሁለቱም እግሮችዎ ያወዳድሩ፤ የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ያህል እስኪደርስ መታገስ ተገቢ ነው።

ቡቱን የሚለኩት ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ የተሰበረ እግር ቀን ላይ ያብጣልና። ሁለቱንም እግሮች ይለኩ፤ የድሮ ቁጥርዎን አይመኑት። ዘንጉን ከታች የሚይዙት ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ነው፤ የቡቱ አፍ የሚያርፈውም እዚያው አካባቢ ነው። በጣትዎ እየዳሰሱ ቦታውን ያግኙና ቡቱ ሲለበስ ጠርዙ በቀጥታ ላዩ ላይ ካረፈ ሌላ ሞዴል ይፈልጉ። ጥቂት ከተቀራረበ ከኒዮፕሪን (ስፖንጅ መሰል ጎማ) መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ቆርጠው በብሎኑ ዙሪያ እንጂ በላዩ ላይ እንዳያርፍ አድርገው ይለጥፉ። እንዲህ ያለ ትራስ ቡቱን ያጠባል፣ ስለዚህ የክሩ ምልክት እንደገና ይለካል።

ስለ ገጠማው ባጭሩ። አሮጌውን ከመፍታትዎ በፊት ከስኪው ጭራ እስከ ፊተኛው ቡት ተረከዝ ጀርባ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይጻፉት። አዲሱ ቡት ተረከዙ የሚያርፍበት ቦታ ከአሮጌው ሊለይ ስለሚችል በቀዳዳ ቁጥር አይተማመኑ። የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ስኪውን ይቀይረዋል፤ ወደ አፍንጫው የተጠጋ ቡት አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ያስነክሰዋል። አምራቹ ምልክት ካደረገበት ይጀምሩ፣ ከተጠራጠሩ ወደ ጭራው ያድሉ። ቪቴዎቹን በእጅ ካቻቢቴ እንጂ በድሪል አያጥብቁ፤ ስኪው ውስጥ ቪቴው የሚገባበት ቀዳዳ ጥርሱ ከተላጠ ፕሌቱ አንድ ቀን ከነቪቴው ይነቀላል። ከእያንዳንዱ ቀን በፊት በካቻቢቴ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ዋናው ፍተሻ። ከቡቱ የሚጠበቀውን ሥራ ውሃ ከመግባትዎ በፊት በደረቅ መሬት ያዩታል። ስኪውን ምንጣፍ ወይም ሣር ላይ ያስቀምጡ፤ ከሥሩ ያለው ክንፍ ስለታም ስለሆነ ይፍቱት፣ ወይም ጭራው ከጠርዝ ውጭ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። እግርዎንም ቡቱንም በውሃ ያርጥቡ፤ በደረቅ እግር የተሠራ ፍተሻ ዋጋ የለውም። ክሩን ልክ እንደሚንሸራተቱበት ያጥብቁ። አንድ ሰው የስኪውን አፍንጫና ጭራ ይያዝልዎ፤ እርስዎ ጉልበትዎን ወደ ፊት እየገፉ ተረከዝዎን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሳቡ። በድንገት አይጎትቱ፣ የተጎዳው እግር ነውና ኃይሉን በደረጃ ይጨምሩ። ያለ እጅ እርዳታ፣ ያለ ሕመም፣ በመካከለኛ ኃይል መውጣት አለበት። እጅዎ ካስፈለገ ጠብቋል። ከዚያ ተቃራኒውን ይሞክሩ፦ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስኪውን በእግርዎ አንስተው በስሱ ወደ ጎን ያንቀሳቅሱት። ተረከዙ የሚንሸራተት ከሆነ ላልቷል። ትክክለኛው ልክ በእነዚህ ሁለቱ መሃል ነው፣ ምልክቱንም የሚያደርጉት እዚያ ላይ ነው።

ወደ ፊት ሞላ ያለው ከገዙ የአምራቹን የክብደት ሰንጠረዥ ይዩና ከዝቅተኛው ጫፍ ይጀምሩ። ያለጊዜው ከተከፈተ ቁጥሩን ከመጨመርዎ በፊት አሸዋ ገብቶ እንደሆነ፣ የፊቱ ብረት በትክክል ገብቶ እንደነበር ያረጋግጡ። በአንድ መከፈት ተደናግጦ ሞላውን ጠርቅሞ የሚዘጋ ሰው ማላቀቂያውን በገንዘቡ ገዝቶ በካቻቢቴ ሽሮታል።

ውሃ ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያው ሥራ መንሸራተት አይደለም። የሚያንሳፍፍ ጃኬትዎን ለብሰው፣ የጀልባው ሞተር ጠፍቶ፣ ስኪውን ያለ እጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያውልቁት። ውሃ ውስጥ ያለው ሰበቃ ከመሬቱ ይለያል። የሙቀት መከላከያ ልብስ ከለበሱ የእግሩ ጫፍ ቡቱ ውስጥ አይግባ፤ ከቡቱ በላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ የለኩት ልክ ሁሉ ይፋለሳል።

ሲነሱ ሁለቱም እግሮች ውስጥ ይሁኑ። የኋላውን እግር ውሃ ላይ እየጎተቱ መነሳት ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ለእርስዎ ግን ሙሉውን ጭነት በተሰበረው እግር ላይ ያደርገዋል። ጉልበቶችዎን ደረትዎ ጋ ያቆዩ፣ ስኪው ውሃው ላይ እስኪወጣ ድረስ እግር አይዘርጉ። ገና በመነሳት ላይ እያሉ ጉልበትን መዘርጋት የታፋ ጀርባ ጡንቻን ከመቀመጫ አጥንት የሚነቅል የታወቀ ስህተት ነው፤ አሥር ወር ያልሠራ ጡንቻ ደግሞ በቀላሉ ይሰጣል። ነጂው በዝግታ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይጨምር፣ አይንጠቅ።

ስኪ የሚከራዩበት ወይም የሚዋሱበት መንገድ ካለ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰፋ ያለውን ይያዙ፤ በሰዓት ከ42 እስከ 48 ኪ.ሜ. ይሸከምዎታል፣ ጠባቡ ውድድር ስኪ ግን በዚያ ፍጥነት ይሰምጣል፣ የሚሰምጥ ስኪም አፍንጫውን ይቀብራል። ገመዱ ሙሉው 23 ሜትር ይሁን። ቡዪ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የመዞሪያ ምልክት) አይዙሩ። አንድ ዙር አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይቁም፤ የደከመ እግር ወገብ ያሳጥፋል። ሚዛን ሲስቱ መያዣውን ወዲያው ይልቀቁት። አጥብቆ የያዘ ሰው በገመዱ ኃይል ይወረወራል፣ የለቀቀ ሰው ውሃው ላይ ይቀመጣል። ለብዙ ዓመት ለተንሸራተተ ሰው ይህ ምክር ይከብዳል፣ እናውቃለን፤ እጁ ማዳን ለምዷልና።

ወደ ሳሙናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ እጅ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው በሚረጭ ጠርሙስ መያዝ እግር ለማስገባት ይረዳል፤ ቫዝሊንና ዘይት ግን ጎማውን ስለሚያበሰብሱ አይቅቡ። ይሁን እንጂ ሳሙናው በጥቂት ደቂቃ ውሃው ውስጥ ታጥቦ ይወጣል። ሲጀምሩ የሚያንሸራትት ጎማ አሥረኛው ደቂቃ ላይ፣ እርስዎ በደከሙበት ሰዓት፣ ወደ ጥንቱ ጥብቀቱ ይመለሳል፤ ሁለቱ ቡቶች ደግሞ እኩል አይታጠቡም። ስለዚህ በሳሙና ቢሆንም አሮጌውን አይጠቀሙበት። ፕሌቶቹ ጤነኛ ከሆኑ ይፍቷቸውና ያስቀምጧቸው፣ ለሌላ ቡት ሊሆኑ ይችላሉ። ጎማዎቹን ለማንም አይስጡ፤ ተረከዙ ጋ በመቀስ ቆርጠው ይጣሏቸው።